ፖርትፎሊዮው ይቅጠን፦ የዶክትሬት ምዘና የሥራ ማስታወሻ ከደሴ

መስከረም

የትምህርት አመራር ዶክትሬት ተማሪዎቻችን ኮርስ ጨርሰው ወደ ፕሮፖዛል ከመሻገራቸው በፊት አንድ ከባድ ፈተና ይቀመጣሉ። ኮምፕሬሄንሲቭ ይባላል፤ በእኛ አፍ «ኮምፕ» ነው። ዘንድሮ ዲፓርትመንቱ የፈተናውን የአመራር ክፍል በፖርትፎሊዮ፣ ማለትም ተማሪው የሠራውን በሚያሳይ የማስረጃ ፋይል፣ መተካት ይቻል እንደሆነ ሞክሩት ብሎ ለትንሽ ኮሚቴ ሰጠን። ጸሐፊነቱ ለእኔ ደረሰ። ቃለ ጉባኤው ለብቻው ይያዛል። እዚህ የምጽፈው ቃለ ጉባኤ ላይ የማይገባውን ነው፦ ምን ላይ እንደተጨቃጨቅን፣ ምኑን ጥለን ምኑን እንዳስቀረን።

ለምን እንደተነሳን በአጭሩ ልበል። ተማሪዎቻችን ልጆች አይደሉም። ርዕሰ መምህራን አሉ፤ የጉድኝት ማዕከል ሱፐርቫይዘሮች አሉ፤ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች አሉ። ከወረኢሉ፣ ከደላንታ፣ ከባቲ፣ ከወልዲያ፣ ከዚሁ ከደሴም ይመጣሉ። ፈተና ላይ የለውጥ አመራርን አራት ክፍሎች ዘርዝሩ ሲባሉ አንድ ሳያስቀሩ ይዘረዝራሉ። ያው ሰው ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ሲገባ ምን እንደሚያይ፣ ምን እንደሚወስን፣ ለምን እንደዚያ እንደሚወስን ግን የፈተናው ወረቀት አይነግረንም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የማጠቃለያ ፈተናን በፖርትፎሊዮ የተኩ የትምህርት ዶክትሬት ፕሮግራሞች አሉ። እዚያ የትምህርት ዶክትሬትን ከሥራው ጋር ለማቀራረብ ዩኒቨርሲቲዎች የተሰባሰቡበት የካርኔጊ ፕሮጀክት በ2007 እ.ኤ.አ. ነው የተጀመረው። የትምህርት ቤት መሪዎች መመዘኛቸው ደግሞ በ1996 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ስድስት ነበር፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ተከልሶ አሥር ሆነ። ከኮሚቴያችን አንዱ አሥሩን እንዳሉ እንውሰድ አለ። አልተስማማንም። እዚህ አገር ርዕሰ መምህር ሁሉ ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱት የሚቆጥራቸው አራት ዘርፎች አሉ። የትምህርት ቤት ማሻሻያ ፕሮግራሙ ያመጣቸው ናቸው፦ መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት ቤት ሁኔታ፣ አመራርና አስተዳደር፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎ። በእነሱ ጀመርን። ከአሥሩ የጎደለን አንድ ነገር ሙያዊ ሥነ ምግባር ነበር፤ እሱን አምስተኛ አድርገን ጨመርነው።

መስከረም መጨረሻ

ከተማሪዎቹ ጋር ተቀመጥን። «ፖርትፎሊዮ» ስንል ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ገባቸው። ችግሩም ይሄው ነው፤ ከሚገባው በላይ ገብቷቸዋል።

አገራችን ውስጥ መምህር ሆኖ ፖርትፎሊዮ የማያውቅ የለም። ተከታታይ የሙያ ማሻሻያው በዓመት 60 ሰዓት ይጠይቃል፤ መምህሩ የሠራውን በፖርትፎሊዮ ይዞ ማሳየት አለበት። የሙያ ፈቃድ ምዘናም ማኅደረ ተግባር አምጡ ይላል። ኢንስፔክሽን ሲመጣ ቦክስ ፋይሎቹ ጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ። ወፍራም ፋይል ጥሩ ፋይል ነው። ማኅተም ያለበት ወረቀት ከሌለበት ይበልጣል። ዕቅድ አለ? አለ። ቃለ ጉባኤ አለ? አለ። ሪፖርት አለ? አለ። ያነበበው ሰው አለ? እሱን ተውት።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች እንዲህ ነበሩ። ስንት ገጽ ነው? በከለር ይታተም? ሰርተፊኬቶቻችንን ኮፒ እናድርግ ወይስ ኦሪጅናሉን እናምጣ? ማኅተሙ የወረዳ ይሁን የዞን? አንድ የወረዳ ኃላፊ ደግሞ ሳይጠየቅ ቦክስ ፋይሎቹን ባጃጅ ላይ ጭኖ ግቢ ድረስ አመጣ። ሸጋ ሰው ነው፤ ትጋቱን አከብራለሁ። ፋይሎቹን ከፍተን አየን። የዓመታት ዕቅድና ሪፖርት ነው፤ የእሱ ፊርማ ሁሉም ላይ አለ። እሱ ግን የትም የለም። ምን አስጨንቆት እንደነበር፣ የትኛው ውሳኔ እንቅልፍ እንደነሳው፣ ምኑን ቢለውጥ እንደሚሻል አንድም ቦታ አይታይም። ሪፖርቱ ሁሉ «ተከናውኗል»፣ «ተሠርቷል»፣ «ግንዛቤ ተፈጥሯል» ነው። ማን አከናወነው?

የዚህ ዓመት ሥራችን ምን እንደሆነ ያኔ ነው የተገለጠልኝ። የለመዱትን ነገር ማስረሳት ነው። ፖርትፎሊዮው መቅጠን አለበት።

ጥቅምት

ስለ ምዘና የተጻፈውን ስናገላብጥ ፖርትፎሊዮ በሦስት ይከፈላል። አንዱ ምርጥ ሥራ የሚታይበት ነው። ሌላው ዕድገት የሚታይበት ነው፤ ጥሬውም፣ የተበላሸውም፣ የተሻሻለውም አብሮ ይቀመጣል። ሦስተኛው ለውሳኔ የሚቀርብ ነው፤ ያልፋል ወይስ አያልፍም የሚባልበት። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አንድ ላይ ማድረግ ጣጣ አለው። ተማሪው ነጥብ እንደሚሰጥበት ካወቀ ድካሙን ይደብቃል። ማን ደፍሮ ያልተሳካለትን ለፈታኝ ያሳያል?

ለያየናቸው። ተማሪው ዓመቱን ሙሉ የሥራ ፋይል ይይዛል፤ ይሄን የሚያየው አድቫይዘሩ ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ ራሱ መርጦ ቀጭን ፋይል ያወጣል። ፈታኞች የሚያዩት ይሄን ቀጭኑን ነው። መምረጡም ራሱ ምዘና ነው። የማይጠቅመውን መጣል የማይችል መሪ ስብሰባም መምራት አይችልም ባይ ነኝ፤ ይሄ የኮሚቴው አቋም አይደለም፣ የእኔ ነው።

ገደብ አወጣን። ስድስት ማስረጃ፣ ከዚያ አንድ አይጨመርም። ሰርተፊኬት ማስረጃ ተብሎ አይቆጠርም፤ ሥልጠና መቀመጥ ሥራ አይደለም። በየማስረጃው ፊት ከሁለት ገጽ ያልበለጠ ጽሑፍ ይያያዛል። ጽሑፉ አራት ጥያቄ ይመልሳል። ችግሩ ምን ነበር? ምን ወሰንኩ፣ ሌላ ምን መወሰን እችል ነበር? ምን ተለወጠ፣ መለወጡንስ በምን አወቅኩ? ከዚህ ውስጥ የእኔ ድርሻ የቱ ነው?

አራተኛው ጥያቄ ብዙዎችን አስቸገረ። ትምህርት ቤት ውስጥ ብቻውን የሚሠራ የለም። ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) አለ፣ ምክትሎች አሉ፣ የትምህርት ክፍል ተጠሪዎች አሉ። የኛ ሰው ደግሞ «እኔ» ማለት ይከብደዋል፤ ጉራ ይመስለዋል። አንዷ ተማሪ «እኔ ሠራሁ ብዬ ብጽፍ ነገ መምህራኖቼ ምን ይሉኛል?» አለች። እውነቷን ነው። የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ማን ምን እንደሠራ በዝርዝር ይጻፍ፣ የራስም ድርሻ ከዝርዝሩ ውስጥ አንዱ ይሁን። ይሄ ከጉራም ከመደበቅም ያወጣል።

ከስድስቱ አንዱ ያልተሳካ ሥራ እንዲሆን ሐሳብ ቀረበ። የወረዳ ኃላፊዎቹ ፊታቸው ተለዋወጠ። ያልተሳካልህን በፊርማህ ጽፈህ ማስቀመጥ ማለት የግምገማ ቀን የሚነበብብህን ወረቀት በራስህ እጅ ማዘጋጀት ነው። ስጋታቸውን ቀለል አድርገን አላየነውም። ይሄ ክፍል ከግቢ እንዳይወጣ፣ ለመሥሪያ ቤት እንዳይላክ፣ ከምዘናው በኋላ ለባለቤቱ እንዲመለስ በጽሑፍ ደነገግን። ከዚያ በኋላ ነው እሺ ያሉት።

ጥቅምት መጨረሻ፣ ስለ ፈተናው

አንጋፋው ባልደረባችን ከመጀመሪያውም አላመነበትም። «ፈተና ፈተና ነው። ፋይል ሰው ያሠራልሃል፤ ፈተና ግን ብቻህን ነው የምትገባው» ይላል። ግማሹን አሳመነን። ፖርትፎሊዮ ሁሉንም ነገር አያሳይም። ሪግሬሽን (አንዱ ነገር ከሌላው ጋር ያለውን ግንኙነት የሚለካ ስታቲስቲክስ) ማንበብ የማይችል ተማሪ ስድስቱንም ማስረጃ አሳምሮ ሊያቀርብ ይችላል። ስለ ናሙና አመራረጥ ምንም የማያውቅ ሰው ጎበዝ ርዕሰ መምህር ሊሆን ይችላል፤ ዶክትሬት ጥናት ላይ ግን ይወድቃል። ስለዚህ የምርምር ዘዴ ፈተናው እንዳለ ቀረ። የአመራሩ ክፍል ብቻ ወደ ፖርትፎሊዮ ሄደ። አንዱ ሌላውን አያካክስም፤ ሁለቱንም ማለፍ ግድ ነው።

ኅዳር

ያልጠበቅነው ጥያቄ ከራያ ወገን ከመጣ ርዕሰ መምህር ተነሳ። «ማስረጃ የሌለኝስ?»

በ2014 ጦርነቱ ወልዲያን፣ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ የየትምህርት ቤቱ ቢሮ ተሰባብሯል፤ መዝገብ ተቃጥሏል፤ ኮምፒዩተር ተወስዷል። ይሄ ሰው ያን ዓመት የሠራው ሥራ ከሁሉም የሚበልጠው ነው። የተማሪዎቹን ስም ዝርዝር ከወላጆች ጋር ቤት ለቤት እየዞረ እንደገና አዋቀረ። የማን ልጅ ስንተኛ ክፍል እንደነበር የሚያሳይ ወረቀት አልነበረም። ታዲያ ይሄንን በምን ያሳይ? ማኅተም የለ፣ ቃለ ጉባኤ የለ፤ ቃለ ጉባኤ የሚያዝበት ወንበርም አልነበረም።

ረጅም ክርክር ነበር። አንዱ ማስረጃ ማለት በወቅቱ የተጻፈ ነው አለ። ሌላው እንደዚያ ካልን በችግር ጊዜ የሠራውን ሁሉ እንቀጣዋለን አለ። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነበርኩ። መጨረሻ ላይ የሰው ምስክርነት በድምፅ ተቀርጾ እንዲቀርብ ፈቀድን። ሦስት ገደብ አለው። ምስክሮቹ ከአንድ በላይ ይሁኑ፤ እርስ በርስ ዘመድ ወይም የቅርብ ባልደረባ አይሁኑ። እያንዳንዱም ብቻውን ይጠየቅ። ርዕሰ መምህሩ የአንዲት እናትና የአንድ የቀበሌ ትምህርት ቦርድ አባል ድምፅ አመጣ። እናትየዋ ሲመሰክሩለት ሙሉ በሙሉ አላሞገሱትም። የትልቋን ልጃቸውን ክፍል አሳስቶ መዝግቧት እንደነበር፣ ሁለት ጊዜ ተመላልሰው እንዳስተካከሉት ተናገሩ። ፈታኞች ከሁሉም በላይ ያመኑት ይቺን ምስክርነት ነው። እሱም በጽሑፉ ላይ ስህተቱ ከምን እንደመጣና መዝገቡን በኋላ እንዴት እንዳጣራው አብራርቶ ነበር።

ታኅሣሥ፣ ስለ ምስክርና ስለ ስም

አጭር ግን ከባድ ጉዳይ። የበታች ሠራተኛ ስለ አለቃው የጻፈው ደብዳቤ ማስረጃ ነው? «ርዕሰ መምህራችን ቅን፣ ታታሪና አርአያ ናቸው» የሚል ወረቀት መዓት መጣ። አንዳንዱ ቃል በቃል አንድ ነው። የጻፈው ሰው የሥራ አፈጻጸም ውጤቱን የሚሞላለት ያው አለቃው ነው፤ ምን እንዲጽፍ ነው የምንጠብቀው? እነዚህን ሁሉ መለስን። የበታች ሰው አስተያየት የሚገባው ስም ሳይጻፍበት ተሰብስቦ፣ በአድቫይዘሩ በኩል ከመጣ ብቻ ነው።

ስምን በተመለከተ፦ የዲሲፕሊን ቃለ ጉባኤ ውስጥ የልጆች ስም አለ። ያረገዘች ተማሪ ጉዳይ አለ፤ የተደባደቡ ልጆች ጉዳይ አለ። ስሙ ሳይሸፈን የመጣ ሰነድ ሳይነበብ ይመለሳል። ምንም ማስተባበያ አይሰማም።

ጥር፣ ሩብሪክ

ሩብሪኩን፣ ማለትም የነጥብ አሰጣጥ መመዘኛውን፣ ለመሞከር አንድ ናሙና ፋይል ለሁለት ፈታኞች ሰጠን። ተነጋግረው እንዳይሞሉ አደረግን። አንዱ 4 የሰጠውን ሌላው 2 ሰጠው። በአንድ መመዘኛ ብቻ ቢሆን እንተወው ነበር፤ በሦስት ነው።

ቁጭ አድርገን አነጋገርናቸው። ምክንያቱ ሲወጣ ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም ጥሩ ችግር ነበር። አንዱ የመዘነው ትምህርት ቤቱን ነው። ሌላው የመዘነው ሰውየውን ነው። የደሴ ከተማ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ አለው፣ ቤተ መጻሕፍት አለው፣ ወላጁ ስልክ ያነሳል። አምባሰል ገደል ላይ ያለው ትምህርት ቤት ይሄ ሁሉ የለውም። ውጤቱን ካየን የከተማው ሁልጊዜ ይበልጣል። ስለዚህ የሩብሪኩን ዓረፍተ ነገሮች በሙሉ እንደገና ጻፍናቸው። «ትምህርት ቤቱ ምቹ ሁኔታ ፈጥሯል» የሚለው ወጣ። በምትኩ «በእጃቸው ባለው ነገር ምን አማራጮች እንዳዩ፣ ለምን ይሄንን እንደመረጡ ያስረዳሉ» የሚል ገባ። ነጥቡ የሚሰጠው ለሕንፃው አይደለም።

አንዱ ባልደረባ ካፓ እናስላ አለ። የሁለት ፈታኞች ስምምነት ከአጋጣሚ ምን ያህል እንደሚበልጥ የሚለካ፣ ጃኮብ ኮኸን በ1960 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስሌት ነው። ጥቅሙ ይገባኛል። ሁለት ፈታኞች ከመቶ 70 ጊዜ ተስማሙ እንበል። ጥሩ ይመስላል። ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ቢሰጡ እንኳ ከመቶ 50 ጊዜ የሚስማሙ ከሆነ፣ በዕውቀት የተስማሙት ትርፉ 20 ነው። ሊስማሙበት ይችሉ ከነበረው ቀሪ 50 ውስጥ ማለት ነው፤ ካፓው 0.40 ይሆናል። 70 ያልነው ነገር እንዲህ ይሟሽሻል። ነገር ግን የእኛ ተማሪዎች ጥቂት ናቸው። በጥቂት ሰው የተሰላ ካፓ አንድ ፈታኝ ሐሳቡን በቀየረ ቁጥር ይዘላል። ስለዚህ ቁጥሩን ለሪፖርት አንጠቀምበትም። ሁለት ነጥብ የሚራራቁ ፈታኞች ቁጭ ብለው ይከራከሩ፣ ካልተስማሙ ሦስተኛ ሰው ያንብብ ብለን ዘጋነው።

ሌላም አንድ ውሳኔ። ነጥብ ተደምሮ አማካይ አይወጣም። በሥነ ምግባር መመዘኛው የወደቀ ሰው በሌላው 4 ቢያመጣም አያልፍም።

የካቲት፣ የባቲው ሰኞ

ይሄን በሰፊው ልጽፈው እፈልጋለሁ፤ ዓመቱን ሙሉ ስንፈልገው የነበረው ነገር የታየው እዚህ ላይ ነው።

የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። አፋሩም ኦሮሞውም አማራውም የሚገናኝበት ትልቅ ገበያ ነው። ግመሉ፣ ፍየሉ፣ እህሉ፣ ሁሉም ሰኞ ይወጣል። ከዚያ አካባቢ የመጣ አንድ ርዕሰ መምህር ሰኞ ሰኞ ክፍሉ ባዶ ይሆንበታል። ልጆቹ ከወላጅ ጋር ገበያ ይሄዳሉ፤ ወይም ወላጅ ስለሄደ ቤትና ከብት ይጠብቃሉ። የመምህራኑ ልማድ ሰኞ ጠዋት ፈተና መስጠት ነበር፤ እንዲመጡ ለማስገደድ። የቀረው ዜሮ ያገኛል። ዜሮው የበዛበት ልጅ ደግሞ ከነጭራሹ ያቆማል።

ርዕሰ መምህሩ ፈተናውን ወደ ረቡዕ አዞረው። ሰኞን የንባብና የቡድን ሥራ ቀን አደረገው። ከወተመህ ጋር ተነጋግሮ ከአንድ ቤት ሁለት ልጅ በአንድ ሰኞ እንዳይቀር አስማማ። ማስረጃ ብሎ ያመጣው የስም መጥሪያ መዝገቡን ነው። መስከረምና ጥቅምት ሰኞ ላይ ብዙ ቀሪ አለ። ጥር ላይ ቀሪው በጣም ቀንሷል። «ስለዚህ ሠርቷል» ይላል ጽሑፉ።

አድቫይዘሩ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው። «ጥቅምት ላይ ሰብል አለ። ጥር ላይ አዝመራው ገብቷል። ቀሪው የቀነሰው በእርስዎ ነው ወይስ በአዝመራው?»

ሰውየው ዝም አለ። ተናዶ የሄደ መስሎን ነበር። ተመልሶ ሲመጣ መዝገቡን በሌላ መንገድ ሠርቶት ነበር። ሰኞን ከሌላ ወር ሰኞ ጋር ማወዳደሩን ተወው። የየሳምንቱን ሰኞ ከዚያው ሳምንት ማክሰኞ ጋር አወዳደረ። አዝመራ ከሆነ ሰኞንም ማክሰኞንም እኩል ይነካል፤ ገበያ ግን ሰኞን ብቻ ነው የሚነካው። በሰኞና በማክሰኞ መካከል ያለው ልዩነት ከጠበበ ለውጡ የእሱ ነው። ከቆጠረው በኋላ ልዩነቱ ጠቧል፤ ግን መጀመሪያ እንዳሰበው ያህል አይደለም። የቀነሰው ቀሪ ግማሽ ያህሉ የአዝመራው ሥራ ነበር። ይሄንንም ጽፎ አመጣው። በዚያ ላይ የታችኛው ክፍል ሴት ልጆች ላይ ልዩነቱ ምንም እንዳልጠበበ ራሱ አገኘው። ለምን እንደሆነ ገና አያውቅም፤ የመመረቂያ ጥናቱ ርዕስ ሳይሆን አይቀርም።

አንጋፋው ባልደረባችን ይሄን አንብቦ «ይሄ ልጅ ሪግሬሽን ሳይማር ገብቶታል» አለ። ከእሱ አፍ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

መጋቢት፣ ቃል ለቃል

ሁለት ፋይሎች ላይ የፊት ጽሑፎቹ እንከን የላቸውም። ሁሉም አንቀጽ በእኩል ይረዝማል፤ ሁሉም «ጥልቅ ግንዛቤ» አለው። ቻትጂፒቲ መሆኑን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ይከልከል የሚል ሐሳብ ተነሳ። መከልከል እንችላለን፤ መያዝ ግን አንችልም። ሶፍትዌር ያጣራልናል የሚለውንም አላመንኩበትም፤ ንጹሑን ሰው ይወነጅላል።

መፍትሔው የመጣው ከአንድ የወሎ ቦረና ተወላጅ ባልደረባችን ነው፤ ልጅነቱን ደረሳ (የእስልምና ትምህርት ተማሪ) ሆኖ ነው ያሳለፈው። ወሎ ውስጥ ደረሳ ኪታብ (የሃይማኖት መጽሐፍ) ሊቀራ ከሼህ ወደ ሼህ ይዞራል፤ ለየዓይነቱ ዕውቀት የየራሱ ሼህ አለው። ሼሁ ኢጃዛ (የማስተማር ፈቃድ) የሚሰጡት ደረሳው ኪታቡን ፊታቸው ተቀምጦ ቀርቶ፣ የተጠየቀውን ሲመልስ ነው። «ኪታቡ በእጁ ስላለ ብቻ ኢጃዛ ያገኘ ደረሳ አላውቅም» አለ። እኛም እንደዚያው አደረግን። ተማሪው ከስድስቱ ማስረጃዎች የትኛውን እንደሚጠየቅ ሳያውቅ ይገባል። ፈታኞቹ አንዱን ያነሳሉ። ጽሑፉን ዘግቶ ስለ እሱ ይናገራል። በቦታው ማን ነበር? ያ መምህር እምቢ ባይል ኖሮ ምን ታደርጉ ነበር? ይሄ ቁጥር ከየት መጣ? የራሱን ሥራ የሚናገር ሰው ዝርዝሩ አያልቅበትም። ያልሠራውን የሚናገር ወደ ጥቅል ቃል ይመለሳል። ልዩነቱ ቡና ሳይጠጣ ይታወቃል።

ቻትጂፒቲን እንግሊዝኛ ለማስተካከል የተጠቀመን ሰው አልቀጣንም። ተጠቀምኩ ብሎ ይጻፍ፤ የሥራ ፋይሉ ውስጥ የመጀመሪያው ረቂቅ ይኑር፤ ይበቃል።

መጋቢት መጨረሻ

ስለ ቋንቋ። ከከሚሴና ከባቲ ወገን የሚመጣው ሰነድ በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ሌላው በአማርኛ ነው። የዶክትሬቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። ማስረጃው ባለበት ቋንቋ ይቅረብ፣ አጭር ማጠቃለያ በእንግሊዝኛ ይያያዝ አልን። የሥራ ፋይሉን ማስታወሻ ግን በፈለጉት ቋንቋ ይጻፉት። በአማርኛ የጻፉት ቁጣ አለው፣ ጥርጣሬ አለው፣ ቀልድም አለው። ያው ሰው በእንግሊዝኛ ሲጽፈው ሪፖርት ይሆናል።

ስለ ኢንተርኔት። ኦንላይን ፕላትፎርም እንጠቀም የሚል ነበር። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም አንረሳውም። መንገድም አንዳንዴ ይዘጋል። ወረቀትና ፍላሽ ነው የወሰንነው፤ አንድ ፍላሽ ለተማሪው፣ አንድ ለአድቫይዘሩ፣ አንድ ለዲፓርትመንቱ። ቫይረስ ለማጽዳት የጠፋውን ሰዓት ግን አልቆጥረውም።

ሚያዝያ፣ ምዘናው

ምዘናው ተካሄደ። ያለፉ አሉ፤ አሻሽለው እንዲያመጡ የተነገራቸው አሉ። ባጃጅ ላይ ቦክስ ፋይል የጫነው ኃላፊ አሻሽለው እንዲያመጡ ከተመለሱት ውስጥ ነው፤ ቀጭን ፋይል አምጥቷል፣ ግን ያልተሳካውን ሥራ የበታቾቹ ጥፋት አድርጎ ነው ያቀረበው። ከፈታኞቹ አንዱ ጨከን አለበት። እኔ ልክ ነበር እላለሁ።

ከሁሉም ያስደነቀን የአንዲት ሱፐርቫይዘር ፋይል ነው። ስድስት እንኳ አልሞላም። አንዱ ማስረጃዋ ሁለት ወረቀት ነው፤ ሁለቱም ከክፍል ጉብኝት በኋላ ለመምህራን የሰጠቻቸው አስተያየቶች ናቸው። የመጀመሪያው የቆየ ነው። «ጥሩ ነው፣ የማስተማሪያ መሣሪያ ይጠቀሙ፣ ይበርቱ» ይላል። ሁለተኛው ዘንድሮ የተጻፈ ነው። «በክፍሉ ውስጥ ጥያቄ የመለሱት ከፊት የተቀመጡ ልጆች ብቻ ናቸው። ጥያቄውን ከጠየቁ በኋላ ራስዎ ወዲያው ይመልሱታል። ነገ ጠይቀው ትንሽ ዝም ይበሉና ምን እንደሚሆን ይንገሩኝ» ይላል። ከስሩ የመምህሩ መልስ ተያይዟል። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ላየ ሰው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ዕድገትን ለማሳየት አንድ ዓይነት ሰነድ በሁለት ጊዜ፤ ለሚቀጥሉት ተማሪዎች ይሄን ምሳሌ መስጠት አለብን ብዬ ምልክት አድርጌበታለሁ።

ግንቦት

የቀረው የቢሮ ሥራ ነው። አንድ ፋይል በደንብ ማንበብና ማስጠየቅ ከአንድ ባች የፈተና ወረቀት ማረም ይበልጣል። አድቫይዘሮች ይሄን እንደ ተጨማሪ ጫና ነው የሚያዩት፤ የሥራ ጫና ስሌት ላይ ካልገባ በሚቀጥለው ዓመት ፋይሎቹ ሳይነበቡ ይፈረምባቸዋል፤ ያኔ ወደ ኢንስፔክሽኑ ጠረጴዛ ተመለስን ማለት ነው። ለዲኑ የጻፍነው ደብዳቤ ዋና ነጥብ ይሄ ነው። ሩብሪኩና የምስጢር ደንቡ ለሴኔት ይቀርባሉ።

የማስረጃው ቁጥር ከስድስት ወደ አራት ይወርዳል። አንጋፋው ባልደረባችን «ሦስት» ብሎ ነበር፤ አራት ላይ ተስማማን። የሚቀጥሉት ተማሪዎች የሥራ ፋይል የሚጀምሩት ከመጀመሪያው ሴሚስተር ነው። የአድቫይዘሮች ሥልጠና ነሐሴ ላይ ይሆናል። የባቲው ርዕሰ መምህር ፈቃድ ስለሰጠ የመጀመሪያ ጽሑፉንና የተሻሻለውን ስሙን ሸፍነን ለመለማመጃ እንሰጣለን፤ መጀመሪያ የድሮውን ብቻ አንብበው ነጥብ ይስጡ፣ ከዚያ አዲሱን።